የእናቴ ቤት ቆርቆሮ የለበሰ ሰሞን

ሰሞኑን እግሬ አላርፍ ብሎኛል። ቁጭ ስል ብድግ በይ፣ ብድግ ስል ቁጭ በይ ይለኛል። ልጄ ወደ ሥራ ስትወጣ "እማ፣ ወለሉን በእግርሽ ጨረስሽው እኮ! ሐኪሙ ትንሽ ተንቀሳቀሺ አለሽ እንጂ ሳሎኑን እረሺ አለሽ?" ትለኛለች። ምን ልበላት? በመስኮት የሚገባ ሽታ ነው ብላት "መስኮቱን ዝጊው" ነው የምትለኝ። የአሁን ልጅ ለሁሉ ነገር መፍትሔ አለው።

የምንኖረው ደብረ ብርሃን፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ፊት ለፊታችን አዲስ ምግብ ቤት እየተሠራ ነው፤ ግድግዳው ብሎኬት፣ በሩ መስታወት፣ መብራቱ የሰርግ ድንኳን የሚያስንቅ። ጣራው ላይ ሲደርሱ ግን ሣር መክደን ጀመሩ። ሰኞ ዕለት አንድ መኪና ሙሉ አራገፉ፤ ማክሰኞ ካፊያ ነካካውና ሽታው ተነሣ። ረቡዕ ትዕግሥቴ አለቀና ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወረድኩ። "አንተ ልጅ፣ ይኼ ሣር ከየት ነው የመጣ?" ብዬ አንዱን ሠራተኛ ጠየቅሁት። "ከመንዝ ነው እናቴ፣ ጓሳ ይባላል" ብሎ አስተማረኝ። መንዝ ተወልጄ፣ ጓሳ ሥር አድጌ፣ ይኸው በስተርጅናዬ ጓሳ የሚባል ሣር እንዳለ ተማርኩ። "ምነው፣ ቆርቆሮ አጣችሁ?" ስለው ሳቀና "ኧረ ይኼ ከቆርቆሮ ይወደዳል፤ ዲዛይን ነው" አለኝ። አንድ ጭብጥ ሰጠኝና ይዤ ወጣሁ። ልጄ ማታ ስትገባ ሶፋው ላይ ሣር አግኝታ ምን እንዳለችኝ አልነግራችሁም።

እኔ ሣር ከጣራ ላይ ወርዶ ሲጣል ያየሁ ሰው ነኝ። ዘመኑን በዓመተ ምሕረት ንገሪን ብትሉኝ እሳሳታለሁ። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፤ ስብሰባው እንደ በፊቱ ነው፣ ሰብሳቢው ብቻ ነው የተለወጠው። እኔ መሐል ሜዳ ከተማ፣ ገበያው ዳር፣ አንድ ጨው ቸርቻሪ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ ነበር የምኖረው። ቀሚስ በአምስት ብር እሰፋለሁ፤ ለተከራከረችኝ በአራት፣ ለካህን ሚስት በሦስት። ሻይ በስሙኒ ነው። መምህራኑ ተርጋል ሱሪያቸውን በስለት ተኩሰው፣ አቧራውን እየዘለሉ ያልፋሉ፤ ከገጠር የሚመጡት ሴቶች የአቡጀዲ ቀሚሳቸውን እስከ ባታቸው ሰብስበው፣ ኮንጎ ጫማቸውን ጭቃ እንዳይነካው በእጃቸው አንጠልጥለው ይመጡና ገበያው አፍ ላይ ሲደርሱ ያጠልቁታል። ፊት ለፊቴ ያለው ሻይ ቤት አንድ ካሴት ብቻ ነበረው። ከጠዋት እስከ ማታ እሱኑ ያዞረዋል። ክሩ አንድ ቦታ ላይ ተበልቶ ስለነበር ዘፋኙ ሁልጊዜ እዚያ ላይ ሲደርስ ይንተባተባል፤ ዛሬ ያንን ዘፈን በሬዲዮ በንጹሑ ስሰማው አንድ ነገር የጎደለው ይመስለኛል። እንዲህ ያለውን እንዴት አስታወስሽው ካላችሁኝ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ዓይኔ የሚያርፈው ስፌቱ ላይና ቀዳዳው ላይ ነው። የሰው ስም ይጠፋብኛል፣ የለበሰው ግን አይጠፋኝም።

እናቴ ቀየት ከምትባለው የገበያ ከተማ ወጣ ብሎ ካለ ጉብታ ላይ፣ አባቴ በሠራው የድንጋይ ቤት ብቻዋን ትኖር ነበር። አባቴ ካረፈ ቆይቷል። ታላቅ ወንድሜ ታደሰ የጭነት መኪና ሹፌር ሆኖ ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ ይመላለሳል፤ የሹፌር ልብ ደግሞ ፈጣን ነው። አንድ ቀን ተነሥቶ ለእናቴ ቤት የሚሆን ቆርቆሮ ጫነ፣ ከመሐል ሜዳ አንድ አናጢ አሳፈረ፣ ወጣና በሁለት ቀን ውስጥ ሣሩን አስወርዶ ቆርቆሮ አስመትቶ ተመለሰ። በመንገዱ በረንዳዬ ላይ ቆም ብሎ "እናታችንን ከጭስና ከፍሳሽ ገላገልኳት፤ ሂጂና አይተሽ መርቂልኝ" አለኝ። ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ። እኔም ያን ሰሞን ሥራ ቀዝቅዞ ነበርና የስፌት መኪናዬን ጨው ቸርቻሪው ቤት አስገብቼ፣ ለአንድ ሳምንት ብዬ ተሳፈርኩ። በልቤ ሌላ ነገር ነበረኝ፤ ብርዱና ብቸኝነቱ ሳይጎዳት እናቴን ይዣት ወደ መሐል ሜዳ መመለስ። ስንት ዓመት ለምኛታለሁ።

ገና ከወንዙ ማዶ ሳለሁ ቤታችን አበራብኝ። በዚያ ሁሉ አመድማ ክዳን መካከል እሱ ብቻ ያብለጨልጫል፤ ዓይኔን በነጠላዬ ጋረድኩ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም፣ ኮራሁም። መንገድ ላይ ያገኘኋቸው ሁሉ ሰላም አሉኝ፤ "ደኅና ሰነበትሽ?" "እግዜር ይመስገን"፤ ጤናዬን ጠየቁ፣ የመሐል ሜዳን ዝናብ ጠየቁ። ስለ ቤቱ ግን "እንኳን ደስ ያላችሁ" ያለኝ አንድ ሰው አልነበረም። በአገራችን አዲስ ቤት የከደነ ሰው እንኳን ደስ ያለህ ሲባል ነው የሚሰነብት፤ ሌላው ቢቀር አንዲት እንቁላል ይዞ ብቅ የማይል ጎረቤት የለም። አልገባኝም።

እናቴ ደጅ ቆማ ነበር። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ነፋሱ እንደ ልቡ ይገባል ይወጣል፤ ምድጃው ላይ ደግሞ ሰንጋ የሚጠብስ እሳት ይነድዳል። ተሳስመን እንደጨረስን በሩን ገርበብ ላደርግ ስል "አትዝጊው!" ብላ ጮኸችብኝ።

"እማዬ፣ ብርዱ እኮ አጥንት ይሰብራል።"

"ይስበር! ሰው ቢመጣ የተዘጋ በር ያያል?"

"ማን ሊመጣ ነው?"

"ሰው" አለች፤ ሌላ አልጨመረችም።

እናቴ ስታወራ እንኳ እጇ ሥራ የማይፈታ፣ ግን ረጋ ያለች ሴት ነበረች። ያን ሳምንት ያየኋት ሌላ ሴት ናት። ቁጭ ትልና ቆርቆሮው በፀሐይ ሲንጣጣ ብድግ ትላለች፤ "ማነው?" ብላ ወደ ደጅ ታያለች። ማንም የለም፤ ቆርቆሮው ነው። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ብርዱ ከእሳቱ ሙቀት ጋር ሲገናኝ ቆርቆሮው ያልበዋል፤ ጠብ፣ ጠብ፣ አንዱ ጠብታ ሁልጊዜ አንገቷ ላይ። "ታዴ ከፍሳሽ ገላገልኳት አለሽ?" ትለኝና አንገቷን ትጠርጋለች። ኩበቱን ያለ ልክ ታነዳለች። ለሦስት ሳምንት የሚበቃው ክምር በሦስት ቀን ተጋመሰ፤ እንጀራ አትጋግርበት፣ ወጥ አትሠራበት፣ እንዲያው እሳቱ እንዳይጠፋ ብቻ።

ምክንያቱን ማክሰኞ ጠዋት ነው ያየሁት። በእኛ ሰፈር ክብሪት ቢኖርም ለእንግዳና ለክፉ ቀን ነው የሚቀመጠው። ጠዋት እሳቱ ጠፍቶበት ያደረ ሰው የገል ስባሪ ይይዝና ጎረቤት ይሄዳል፤ "እሳት ልጭር" ይላል። ፍሙን ይሰጡታል፤ ፍሙ እስኪመረጥ ቁጭ ይላል፤ ቁጭ ካለ ወሬ አለ፣ ቆሎ አለ፣ የታመመ ይጠየቃል፣ የተጣላ ይሸመገላል። ጠዋት እሳት ሳይጫር ቀን አይጀመርም። የእናቴ ቤት ደግሞ ጉብታው ላይ መሐል ስለሆነ ግማሹ ሰፈር እሳት የሚጭረው ከእርሷ ነበር። ያን ጠዋት እትዬ አስካለ፣ የግድግዳ ጎረቤታችን፣ ገል ይዘው ከቤታቸው ሲወጡ አየኋቸው። እናቴም አየች፤ ፈጥና ፍሙን ከአመዱ አወጣችው። እትዬ አስካለ በደጃችን መጡ፣ "እንዴት አደራችሁ" አሉ፣ አለፉ። ታች ድረስ ወርደው፣ ከወንዙ አጠገብ ካለ ቤት ጭረው፣ በደጃችን ሽቅብ ተመለሱ። ፍሙ ገሉ ላይ ሊጠፋ ደርሶ እፍ እፍ ሲሉበት ሰማሁ። እናቴ የፍም ማውጫውን እንደያዘች ቀረች።

"ተጣላችሁ እንዴ?" አልኳት።

"ማን ተጣላ?" አለችና አመዱን መልሳ አለበሰችው።

አሁን በምኖርበት ፎቅ ላይ ፊት ለፊቴ የምትኖር ሴት አለች። ሁለት ዓመት ሆነን። በሯ ላይ ትንሽ የመስታወት ዓይን አለችው፤ ሳንኳኳ ዓይኗ ስትጨልም አያለሁ፣ ቤት እንዳለች አውቃለሁ፤ አትከፍትም። እኔም አልቀየማት። ለምን መጣሁ ልበላት? ጨው አለኝ፣ ስኳር አለኝ፣ ምድጃው ቁልፍ ሲጫኑት ይነድዳል። አንድም ነገር አላጣሁም፤ ሰው ቤት የምሄድበት ሰበብ ነው ያጣሁት። ልጄ "ሰላም ነው እማ፣ ሰው ሰው ቤት ምን ይሠራል?" ትለኛለች። እውነቷን ነው። እኔ ግን በቀን ሦስት ጊዜ ኮሪደሩ ላይ እወጣለሁ፤ ቆሻሻ ልጥል ነው እላለሁ።

ወደ እናቴ ልመለስ። በነጋታው ለቁርስ ገብስ ልቆላ ብዬ ጎተራውን ስከፍት እጄ እስከ ብብቴ ገባ። ታች ያገኘሁት አቧራና ጥቂት ጭብጥ ነው። የበልጉን ገብስ ውርጭ እንደመታው ሰምቻለሁ፤ ውርጭ ግን ሁሉን እኩል አይመታም፤ የኛ ማሳ ረባዳው ላይ ነው፣ ብርዱ የሚተኛው እዚያ ነው። የሌላው ዳር ዳሩ ሲቃጠል የኛ ከሥሩ ሄዷል። ያኔ ነገሩ ሁሉ በራልኝ። ቤት በእኛ አገር በደቦ ነው የሚከደን። ከዋዜማው ቤት ለቤት ተዙሮ ሰው ይጠራል፤ የተጠራ አይቀርም። ጋሽ ጥላዬ፣ የእትዬ አስካለ ባል፣ በአካባቢው ቤት በመክደን የሚያህላቸው የለም፤ እሳቸው ላይ ይወጣሉ፣ ሌላው ከታች ሣሩን እያሰረ ይወረውርላቸዋል፤ ሴቱ ዳቦና ቆሎ ያቀርባል፣ ከሁሉ በላይ ጠላ ይቀዳል። ደቦ ያለ ጠላ አይሆንም። ጠላ ደግሞ ያለ ገብስ አይጠመቅም። እናቴ ታደሰ ቆርቆሮውን ይዞባት ሲመጣ ደቦ ልትጠራ አልቻለችም፤ ለምን እንዳልጠራች ደግሞ አልተናገረችም። አናጢው በግማሽ ቀን መትቶ ጨረሰው፣ ሰፈሩ ደጁ ላይ ቆሞ አየ።

"ለምን አልነገርሻቸውም?" አልኳት።

"ዝም በይ!"

"ኮርታ ነው፣ ልጇ ሀብታም ሆነና ናቀችን ነው የሚሉሽ እኮ።"

"ይበሉ! ኮራች ይበሉኝ እንጂ ደኸየች አይበሉኝ። አንቺም ትንፍሽ ብትይ ጡቴን እንዳልጠባሽ እቆጥረዋለሁ።" ጣቷን እያወዛወዘች ነው የተናገረችኝ፤ እኔ የሠላሳ ዓመት ሴት፣ ልክ እንደ ልጅ አንገቴን ደፍቼ ጎተራውን ዘጋሁ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። ብቅል በሌለበት ቤት ግን ሆድ ያባው እንዳባ ይቀራል።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በረዶ ጣለ። በሣር ቤት በረዶ ሲጥል የሚሰማው ሹክሹክታ ነው፤ ሰው እንቅልፍ ይወስደዋል። በቆርቆሮ ሥር ግን ሰማይ ተናደ አልኩ። እናቴ ባናዋን ተከናንባ ጥግ ላይ ቆመች። ባናው አባቴ ያሸመነላት፣ ከራሷ በጎች ጠጉር የተሠራ፣ ጠርዙ ላይ ያወጣሁት ቡናማ ጥልፍ የደበዘዘ ነው። አፏ ይንቀሳቀሳል፣ ድምጿ አይሰማኝም። "ምን አልሽ?" እላለሁ፤ ትናገራለች፤ አልሰማም። በረዶው ድንገት ሲያቆም ጩኸቷ ብቻውን ቀረ፤ "እሄዳለሁ! ከዚህ ቤት አውጪኝ፤ መሐል ሜዳም ቢሆን እሄዳለሁ!" ትላለች። ከዚያ ራሷም ደነገጠችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ሰኞ ማለዳ እንሂድ" አለች። ስንት ዓመት የለመንኩት ነገር በአንድ በረዶ ተፈጸመልኝ። ደስ አለኝ፤ እንዲህ ሆና ማየት ግን ደስ አላለኝም።

በገበያው ዕለት ጨውና ሻማ ልገዛ ቀየት ወጣሁ። የቀየትን ገበያ ያላየ ብርድ አላየም፤ ሰው ሁሉ ባናና በርኖስ ለብሶ፣ ከሩቅ ሲታይ የበግ መንጋ እየተገበያየ ይመስላል። ጋሽ ጥላዬን አየኋቸው። የለበሱትን ኮት አወቅሁት፤ ሲነጣ ገልብጬ የሰፋሁላቸው እኔ ነኝ፤ የውስጡ ውጪ፣ የውጪው ውስጥ ሆኖ አሁንም አዲስ ይመስላል። ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳቸው። ጉንጬን ሳሙኝ፤ ከዚያ ግን አፋቸው አላረፈም።

"ልጄ፣ እኔ ቆርቆሮ አልጠላሁም" አሉ። "ይምጣ ቆርቆሮ! ግን ከመንገዱ እስከ ጉብታው መሸከም ያቅተናል? ሚስማር ማቀበል ያቅተናል? አባትሽ የሞተ ዕለት አናጢ ነው የቆፈረው? በሬያችሁ ገደል የገባ ዕለት ማን ነው ገመድ ይዞ የወረደው? ያን ክዳን ተከልሎ የሚጠበቀው ጓሳ ለአጨዳ ሲፈታ ሄደን፣ አጭደን፣ በጀርባችን ተሸክመን ነው የከደንነው። ጉልላቱን በእጄ ነው ያስቀመጥኩት። ያ ከተሜ አውርዶ ወረወረው፤ ሲሰበር ሰማሁት። እናትሽም ቆማ ታያለች።"

ጉልላቱ በክዳኑ ጫፍ ላይ የሚደፋው እንስራ ነው። እውነታቸውን ነው፤ ስባሪው እስካሁን ከቤቱ ኋላ፣ ከጠቆረው ሣር ክምር አጠገብ ወድቋል። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ "ጋሽ ጥላዬ፣ ገብስ የላትም" ልል። የእናቴ ጣት ፊቴ ላይ ተወዛወዘብኝና ዋጥኩት። "እሷ ሰው ትወዳለች" ብቻ አልኩ። "ድሮ" አሉና ወደ በግ ተራው ሄዱ።

ቅዳሜ ጓዟን አሰርኩ። ብዙ አልነበረም፤ ባናዋ፣ አንድ ከፋይ ቀሚስ፣ የአባቴ በትር፣ የቅባት ቅሏ። እሷ አላገዘችኝም። ከቤት ኋላ ትዞራለች፣ ትመለሳለች፣ በጎቿን ለዘመድ አደራ እንደምትሰጥ ትናገራለች፣ ከዚያ አትሰጥም። ቁጭ በይ ስላት "እግሬን ቁንጫ የበላው ይመስል ምን እንደነካው" ትላለች። ዛሬ የእኔን እግር ሳይ ከማን እንደወረስኩት አውቃለሁ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሳምን፣ ሰንበቴውን ሳንቀመጥ ተመለስን። እናቴ ነጠላዋን መስቀለኛ እንዳጣፋች ምድጃው አጠገብ ቆመችና እሳቱን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ የውኃውን ቅል አንሥታ ጠቅላላውን ደፋችበት። ጭሱና እንፋሎቱ ቤቱን ሞላው። እኔ ልቤ ተሰበረ፤ ቤቱን መዝጋቷ ነው፣ እሳት አጥፍቶ መሄድ ማለት ይኼ ነው ብዬ እንባዬ መጣ። እሷ ግን ሁሉንም ፍም አንድ በአንድ በእግሯ እያገላበጠች መጥፋቱን አረጋገጠች፣ ወደ ቤቱ ኋላ ሄደች፣ ከጉልላቱ ስባሪ አንዱን አንሥታ አቧራውን በቀሚሷ ጠረገችና "ተከተይኝ" አለችኝ።

በቀጥታ ወደ ጋሽ ጥላዬ ቤት። ደጁ ላይ ቆመች። "ቤቶች!" አለች።

"ማነው? ግቡ" አሉ እትዬ አስካለ ከውስጥ።

"እሳት ልጭር ብዬ ነው።"

ጋሽ ጥላዬ መደቡ ላይ ነበሩ፤ እጇ ላይ ያለውን ስባሪ አዩት፣ አወቁት። "እሳት?" አሉ። "ልጅሽ ያን ሁሉ ቆርቆሮ ሲጭን ክብሪት ረሳ እንዴ?"

"ክብሪትስ አለኝ፣ ጋሽ ጥላዬ። የጠፋኝ ሰው ነው።"

"አንቺ ጠፋሽን እንጂ እኛ የት ሄድን?"

እናቴ ስባሪውን በሁለት እጇ ያዘችው። "ገብስ አልነበረኝም" አለች። "ውርጩ የናንተን ዳሩን ነክቶ የኔን ጠራረገው። ጎተራዬ ባዶ ነው። እርስዎን ጣራ ላይ አውጥቼ ምን ላጠጣዎ ነበር? በደረቅ አፍዎ ወደ ቤትዎ ልመልስዎ?"

"ይኼን ለመናገር አፍ አጣሽ?"

"አፍስ አለኝ። አፈርኩ።"

ጋሽ ጥላዬ የተገለበጠውን ኮት እጅጌ ይዘው ፊታቸውን ሲጠርጉ አየሁ፤ ስፌቱ ብብቱ ሥር መተርተር ጀምሮ ነበር። "ሞኝ ነሽ ብርቄ" አሉ በመጨረሻ። "በውኃ ብትጠሪኝ አልመጣም ነበር? ባልሽን ስንቀብር ጠላሽን ቀምሰን ነው የቆፈርን?" ወደ ሚስታቸው ዞሩና "አስካለ፣ ትልቁን ፍም ስጪያት" አሉ። እትዬ አስካለ ፍም ሲመርጡ ያለቅሱ ነበር፤ ጭሱ ነው አሉ። እናቴ መደቡ ላይ ቁጭ አለች። በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ አለች፤ ፍሙ በገሉ ላይ አመድ እስኪለብስ፣ ሌላ ፍም እስኪቀየርላት ድረስ አልተነሣችም። ስንወጣ ጋሽ ጥላዬ ከኋላችን "ያ ቆርቆሮ ድንጋይ ይፈልጋል!" ብለው ጮኹ። "ከተሜ ነፋሳችንን የት ያውቀዋል? በጋ ሲገባ ሸጌ ነፋስ ተሸክሞት ነው የሚሄደው። ነገ እንመጣለን።"

ሰኞ ማለዳ መጡ። ቁጥራቸውን አልቆጠርኩም፤ ጉብታው ሞላ። ወንዶቹ ድንጋይ በትከሻቸው ተሸክመው ያቀብላሉ፣ ጋሽ ጥላዬ ኮታቸውን አውልቀው ጣራው ላይ ወጥተው ይደረድራሉ፣ ቆርቆሮው በእግራቸው ሥር ይጮኻል፣ ይሳሳቃሉ። እናቴ ጣሳ ይዛ ትሯሯጣለች፤ ውኃ ነው የምትቀዳው፣ ንጹሕ የምንጭ ውኃ፤ "ይኼ ጠላሽ ዛሬስ አልደፈረሰም!" ብለው ይቀልዱባታል፣ እሷም ትመልስላቸዋለች። ምድጃው አጠገብ ሁለት ሴቶች ገል ይዘው ተራ ይጠብቃሉ። እኔ ሻንጣዬንና የእሷን ጓዝ አንድ ላይ አስሬ ደጃፉ ላይ ቆሜያለሁ። መኪናው ቀየት ላይ አይጠብቅም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ቀናሁ፣ ተናደድኩም። እኔ ስንት ዓመት ለምኜ ያላገኘኋትን እነሱ በአንድ ፍም ወሰዷት።

"እማዬ፣ መኪናው ያመልጠናል" አልኳት ስታልፍ ቀሚሷን ይዤ።

"አንቺ ሂጂ።"

"ተስማምተን አልነበር?"

"ነበር። አሁን ግን የሰው እሳት አለብኝ። እሳት ተበድሬ ጥዬ የት እሄዳለሁ?"

"እማዬ ሙቺ፣ እሳት ደግሞ ተመልሶ ያውቃል? ማን ነው እሳት የሚመልስ?"

እናቴ ጣሳውን ወደ ደረቷ አስጠግታ አየችኝ፤ ፊቷ ላይ ጥላሸት ነበር።

"አይመለስም" አለች። "ለዚህ እኮ ነው የተበደርኩት።"

ጓዟን ከሻንጣዬ ላይ ፈትቼ ደጃፉ ላይ አስቀመጥኩላትና ብቻዬን ወደ መንገዱ ወረድኩ።